ጌሙ ዊንዶውስ ላይ ያለ ይመስለዋል

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት ላፕቶፕ ላይ አንድ ጌም ተከፍቷል። ለዊንዶውስ የተሠራ ጌም ነው። ላፕቶፑ ላይ ግን ዊንዶውስ የለም፤ ያለው ሊኑክስ የሚባለው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብቻ ነው። ንግግሬን ስጨርስ መጥታችሁ ሞክሩት። እስከዚያው ስክሪኑ ላይ ስለማይታየው ሥራ ላውራችሁ። እኔን ዓመታት ያስደነቀኝ እሱ ነው።

ይህ ጌም ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መጠየቅ ነው። "ሲ ድራይቭ የት ነው?" ይላል። ሊኑክስ ላይ ሲ ድራይቭ የሚባል ነገር የለም። ግን "ይኸውልህ" የሚለው አካል አለ። የሚሰጠውም ተራ ፎልደር ነው፤ ውስጡ ዊንዶውስን መስሎ የተደራጀ። ጌሙ ይቀጥላል። "የዊንዶውስህ ቁጥር ስንት ነው?" መልስ ያገኛል። "ሬጅስትሪው ላይ እንዲህ የሚል ነገር ተመዝግቧል?" መልስ ያገኛል። ሬጅስትሪ ዊንዶውስ ቅንብሮችን የሚመዘግብበት ቦታ ነው፤ እዚህ ግን በማንኛውም የጽሑፍ መክፈቻ ሊነበብ የሚችል ፋይል ነው። ጌሙ ይህን ሁሉ አያውቅም። ዊንዶውስ ላይ ያለ ይመስለዋል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚመልሰው ሶፍትዌር ዋይን ይባላል። ብዙ ሰው ዋይን በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል፣ ስለዚህም የሚያዘገይ ነገር ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የጌሙ ኮድ በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው የሚሠራው። ዋይን መሃል የሚገባው ጌሙ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ሲጠራ ብቻ ነው። አንድ አስተርጓሚ ሁለት ሰዎች መሃል ተቀምጦ ሲያግባባ አስቡት። ሰዎቹ በራሳቸው አእምሮ ነው የሚያስቡት፤ እሱ የሚደርሰው ሲነጋገሩ ነው።

ትንሽ ነገር ላሳያችሁ። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለም። "በ" ሁሌም "በ" ነው። በላቲን ፊደል ግን እያንዳንዱ ፊደል ሁለት መልክ አለው፤ ትልቅና ትንሽ። ዊንዶውስ ፋይል ሲፈልግ ይህን ልዩነት አይቆጥርም። ፎልደሩ በትልቅ ፊደል ቢጻፍ፣ ጌሙ በትንሽ ፊደል ቢጠራው፣ ዊንዶውስ ያገኘዋል። ሊኑክስ ግን ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ስሞች ነው የሚያያቸው። እንግዲህ አንድ የጌም ሠራተኛ ከዓመታት በፊት ፎልደሩን በትልቅ ፊደል ሰይሞ፣ ኮዱ ውስጥ በትንሽ ጽፎታል በሉ። ዊንዶውስ ላይ ችግር ስላልፈጠረ ማንም ልብ አላለውም። ሊኑክስ ላይ ግን ጌሙ "ፋይሉ የለም" ብሎ ይዘጋል። ዋይን እዚህ ጋ ገብቶ ፎልደሩን ይፈትሻል፤ በትልቅም በትንሽም የተጻፉትን ስሞች እያስተያየ ትክክለኛውን ፈልጎ ያቀርባል። አንድ ጌም ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች አሉ። ይህ እንግዲህ ከብዙዎቹ ጣጣዎች አንዱና ቀላሉ ነው።

ዋይን የተጀመረው በ1993 ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አሌክሳንድር ዡሊያር የሚባል ሰው በ1994 መሪነቱን ተረከበ። ስሪት 1.0 የወጣው በ2008 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቷል። ለምን ያን ያህል ፈጀ? የዊንዶውስ ኮድ ዝግ ነው፤ ከፍቶ ማየት አይቻልም። ስለዚህ የዋይን ሰዎች ትንንሽ የሙከራ ፕሮግራሞች ይጽፋሉ። ዊንዶውስ ላይ ያስኬዱታል፤ ምን እንደመለሰ ያያሉ። ከዚያ ዋይን ያንኑ እንዲመልስ ያደርጋሉ። ዊንዶውስ ከራሱ መመሪያ የተለየ ነገር የሚያደርግበት ቦታ ካለም ዋይን ያንኑ ስህተት ይደግማል። ምክንያቱም የጌም ሠሪዎቹ ኮዳቸውን የሞከሩት በእውነተኛው ዊንዶውስ ላይ ነው፤ ጌሙም የለመደው እሱኑ ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለው እዚህ ጋ በደንብ ይሠራል። በጎ ፈቃደኞችም፣ ኮድዊቨርስ በሚባለው ድርጅት የተቀጠሩ ሰዎችም አንድ በአንድ ጨምረው ጨምረው ነው እዚህ የደረሰው።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ሊኑክስ ላይ ጌም አዲስ ነገር አይደለም። ዱም የሚባለው ታዋቂ ጌም በ1994 ለሊኑክስ ወጥቷል። በ1998 ሎኪ የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ የዊንዶውስ ጌሞችን ወደ ሊኑክስ እያዞረ ይሸጥ ነበር። በ2002 መጀመሪያ ተዘጋ። ከሎኪ ጊዜ የተረፈን ትልቅ ሀብት ግን አለ። እዚያ ይሠራ የነበረው ሳም ላንቲንጋ የጻፈው ኤስዲኤል የሚባል፣ ጌም ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ ነው። እስከ ዛሬ እጅግ ብዙ ጌሞች መስኮት ለመክፈት፣ ጆይስቲክ ለማንበብ፣ ድምፅ ለማውጣት ይጠቀሙበታል።

ችግሩ ሁሌም የዶሮና የእንቁላል ነገር ነበር። ተጫዋች ስለሌለ ጌም አይሠራም። ጌም ስለሌለ ተጫዋች አይመጣም። ለብዙ ዓመታት መልሱ "ጌም ሠሪዎችን እንለምናቸው" ነበር። አንዳንዶች ሰምተው ለሊኑክስ ሠሩ። ግን ሌላ ችግር መጣ። ጌሙ ሲወጣ ይሠራል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲስተሙ ተቀይሮ አይከፍትም። ሠሪው ደግሞ ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። እኔ ራሴ ለሊኑክስ ተብሎ የወጣ ጌም አልከፍት ብሎኝ፣ የዊንዶውስ ስሪቱን በዋይን ከፍቼ የተጫወትኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ሳይ መጀመሪያ አዝኜ ነበር። አሁን አላዝንም። የዊንዶውስ አጠራር ሠላሳ ዓመት ያህል ሳይሰበር የቆየ ቋንቋ ነው። ጌሞች የተጻፉበት ቋንቋ እሱ ከሆነ እሱን መረዳት ነው የሚሻለው።

በ2012 የቫልቭ መሪ ጌብ ኒውል ዊንዶውስ 8ን በአደባባይ ተቸ። ቫልቭ ስቲም የሚባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መደብር ባለቤት ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ በዊንዶውስ 8 ውስጥ የራሱን መደብር አስገብቶ ነበር። የሰው ግቢ ውስጥ ሱቅ የከፈተ ሰው፣ የግቢው ባለቤት ራሱ ሱቅ ሲከፍት ቢሰጋ አይፈረድበትም። በ2013 ፌብሩዋሪ ላይ ስቲም ለሊኑክስ ወጣ። በ2015 መጨረሻ ስቲም ማሽን የሚባሉ ኮምፒውተሮች ገበያ ላይ ዋሉ። አልተሳካም። ማሽኖቹ ላይ የሚሠሩት ጌሞች ጥቂት ነበሩ፤ ያው ዶሮና እንቁላል።

ነገሩን የቀየረው ከዚያ በኋላ የመጣ አንድ ሰው ነው። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ።

ጌም ስዕል ለመሳል ግራፊክስ ካርዱን በቀጥታ አያናግርም። በዊንዶውስ ላይ ዳይሬክት ስሪዲ በሚባል ቋንቋ ነው የሚያናግረው። ሊኑክስ ላይ ይህ ቋንቋ የለም። ዋይን ዳይሬክት ስሪዲን ኦፕን ጂኤል ወደሚባል የቆየ ቋንቋ ይተረጉመው ነበር። ሁለቱ ግን አስተሳሰባቸው ይለያያል። አንዱ በአንድ ቃል የሚለውን ሌላው በአሥር ቃል ነው የሚለው። ጌሙ ይከፈታል፤ ግን ይንቀራፈፋል። በ2016 ፌብሩዋሪ ላይ ቩልካን የሚባል አዲስ ቋንቋ ወጣ። ቩልካን ከካርዱ ጋር በጣም ይቀራረባል። ለሰው ይከብዳል፤ ለተርጓሚ ግን ምቹ ነው።

ፊሊፕ ሬቦሌ የሚባል ወጣት ኒር ኦቶማታ የሚባለውን ጌም ሊኑክስ ላይ መጫወት ፈለገ። አልሠራለትም። ስለዚህ ተቀምጦ ዳይሬክት ስሪዲ 11ን ወደ ቩልካን የሚተረጉም ሶፍትዌር መጻፍ ጀመረ። ስሙን ዲኤክስቪኬ አለው። አንድ ሰው፣ አንድ ጌም ለመጫወት ብሎ! በ2018 መጀመሪያ ቫልቭ እያገዘው ሙሉ ጊዜውን እንዲሠራበት አደረገ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ቫልቭና ኮድዊቨርስ ዋይንን፣ ዲኤክስቪኬንና ሌሎች ክፍሎችን አንድ ላይ አድርገው ፕሮቶን ብለው አወጡት። በመጀመሪያው ቀን ተፈትሸው የጸደቁት ጌሞች 27 ብቻ ነበሩ። ግን ሌላውንም በራስህ ኃላፊነት መሞከር የሚያስችል ምልክት ማድረጊያ ነበረው። ሰዉም ሞከረ። ያልተጠበቀ ጌም ይከፈት ጀመር። ተጫዋቾች ውጤታቸውን ፕሮቶን ዲቢ በሚባል ድረ ገጽ መመዝገብ ጀመሩ። ተጠቃሚው መጫን የነበረበት ቁልፍ "ጫን" የሚለውን ብቻ ሆነ። ስለ ዋይን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይጫወታል።

አሁን ስለ መንተባተብ ልናገር። ጌም የምትጫወቱ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ሁሉ ነገር አሪፍ ሆኖ እየሄደ ሳለ አዲስ ጠላት ብቅ ሲል ስክሪኑ ለቅጽበት ቀጥ ይላል። ጌም በሰከንድ 60 ስዕል የሚያሳይ ከሆነ ለአንድ ስዕል ያለው ጊዜ 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። አዲሱ ጠላት ሼደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይዞ ይመጣል፤ ቆዳው እንዴት እንደሚያበራ፣ ጥላው እንዴት እንደሚወድቅ የሚናገር። ያ ፕሮግራም ለእናንተ ካርድ እንዲሆን መዘጋጀት አለበት። ዝግጅቱ 100 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀ ስድስት ስዕል አመለጣችሁ ማለት ነው። ዓይናችሁ ያየዋል፤ እጃችሁም ይሰማዋል።

ስቲም ሊኑክስ ላይ ያደረገው ምንድን ነው? ሌሎች ሰዎች ሲጫወቱ የተገኙትን ሼደሮች ሰብስቦ፣ ጌሙን ከመክፈታችሁ በፊት ያወርድላችኋል። ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ያዘጋጃቸዋል። እኔ ከመጫወቴ በፊት የማላውቃቸው ሰዎች በዚያው መንገድ አልፈው ጠርገውልኛል ማለት ነው። በ2022 ኤልደን ሪንግ ሲወጣ ደግሞ ከዚህም ያለፈ ነገር ታየ። ጌሙ ኮምፒውተር ላይ በመንተባተቡ ተወቅሶ ነበር። የቫልቭ ሰዎች ሲመረምሩ ከሼደሩ ሌላ ምክንያት አገኙ። ጌሙ አንዳንድ ቦታዎች ላይ ሲደርስ በሺዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎችን በአንድ ጊዜ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ይፈጥራል፤ የማህደረ ትውስታ አስተዳደሩ ይጨናነቃል። ተርጓሚው ውስጥ አንድ ማስተካከያ ጨመሩ፤ ቦታውን ሁልጊዜ አዲስ ከመፍጠር ይልቅ ይዞ እንዲያቆየው። ቀናት ውስጥ ጌሙ በእነሱ ማሽን ላይ ከዊንዶውስ ይልቅ ለስለስ ብሎ መሄድ ጀመረ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጌም ሠሪው አልነካውም። ጌሙ አልተቀየረም። አስተርጓሚው ተናጋሪውን አሻሻለው።

ሌላ አንድ ነገር፣ ትንሽ ጠጠር ቢልም። አንድ ጌም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ብዙ ሠራተኞች አሉ። ባለሙያዎች ትሬድ ይሏቸዋል። አንዱ ድምፁን ይይዛል፣ አንዱ ስዕሉን፣ አንዱ የጠላቶቹን እንቅስቃሴ። እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ዊንዶውስ ላይ አንድ ሠራተኛ "ከእነዚህ አምስት ነገሮች አንዱ ሲያልቅ ቀስቅሰኝ" ወይም "አምስቱም ሲያልቁ ቀስቅሰኝ" ብሎ መተኛት ይችላል። ሊኑክስ ውስጥ ለዚህ ልክክ የሚል ነገር አልነበረም። ዋይን ይህን የሚያስተናግድ አንድ ዘበኛ ፕሮግራም ነበረው። ለእያንዳንዱ መጠባበቅ ወደ ዘበኛው መሄድና መመለስ ያስፈልጋል። በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ። በኋላ ብልሃቶች ተፈለሰፉ፤ ፈጣን ነበሩ፤ ግን አንዳንድ ቦታ ከዊንዶውስ ጋር በትክክል አይገጥሙም ነበር። ኤልዛቤት ፊጉራ የምትባል የኮድዊቨርስ ባለሙያ ሥራውን ወደ ሊኑክስ ልብ፣ ወደ ከርነሉ፣ አስገባችው። ኤንቲሲንክ ይባላል። በ2025 ማርች ላይ ከወጣው ሊኑክስ 6.14 ጋር አገልግሎት ጀመረ። አስቡት፤ ሊኑክስ በሆዱ ውስጥ የዊንዶውስን ጠባይ ያዘ። ከሃያ ዓመት በፊት እንዲህ ይሆናል ያለ ሰው ማን ያምነው ነበር?

ስለ ግራፊክስ ካርድ በአጭሩ። ኤኤምዲ የሚባለው ድርጅት የሠራው ካርድ ያለው ሰው ሊኑክስ ላይ ምንም ሳይጭን ይጫወታል። የሚጠቀምበት የቩልካን ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር፣ ራድቪ ይባላል። የጀመሩት የኤኤምዲ ሰዎች አልነበሩም፤ የውጭ ሰዎች በ2016 የጻፉት ነው። እያደገ ሄዶ በ2025 ኤኤምዲ የራሱን ክፍት ድራይቨር ትቶ ይህኛውን ደገፈ። ሌላው ካርድ ሠሪ ኤንቪዲያ ለብዙ ዓመታት ራስ ምታት ነበር። ከ2022 ጀምሮ የከርነል ክፍሉን ኮድ ከፍቷል፤ ነገሩ ተሻሽሏል፤ ግን አሁንም ከኤኤምዲው እኩል እፎይ አያሰኝም። አንድ የሚያናድደኝ ነገር ደግሞ አለ። ኮምፒውተርን ከቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኘውን የኤችዲኤምአይ 2.1 ደረጃ በክፍት ድራይቨር ውስጥ ለመደገፍ ኤኤምዲ ያቀረበውን ሐሳብ፣ የደረጃው ባለቤት የሆነው ፎረም ውድቅ እንዳደረገው በ2024 ታወቀ። ካርዱ ይችላል። ቴሌቪዥኑ ይችላል። ኮዱም ተጽፏል። የሚከለክለው ወረቀት ነው።

ከዚያ ስቲም ዴክ መጣ። በ2022 ፌብሩዋሪ። በእጅ የሚያዝ፣ ሊኑክስ የሚያስኬድ ኮምፒውተር። የገዙት ብዙዎች ሊኑክስ እየተጠቀሙ መሆኑን አያውቁም። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ አንድ ነገር በደንብ ሲሠራ ስሙን ማንም አይጠይቅም። በ2025 ሌኖቮ ከዚሁ ሲስተም ጋር የራሱን ማሽን አወጣ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 14 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አበቃ። ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ኮምፒውተሮች ያላቸው ሰዎች አማራጭ መፈለግ ጀመሩ። ባዛይት፣ ካቺኦኤስ፣ ኖባራ የሚባሉ ለጌም የተዘጋጁ የሊኑክስ ዓይነቶች ስማቸው ተደጋግሞ ይነሳ ጀመር። ስቲም በየወሩ በሚያወጣው ቅኝት የሊኑክስ ተጫዋቾች ድርሻ በ2025 ኦክቶበር 3 በመቶን አለፈ። ፕሮቶን ሲወጣ ከ1 በመቶ በታች ነበር። ሦስት በመቶ ትንሽ ቁጥር ነው። ግን የስቲም ሦስት በመቶ ሚሊዮኖች ናቸው።

እስካሁን ያወራሁት ደስ የሚል ነው። ዛሬ በዋናነት ልናገር የመጣሁት ግን ስለሚቀጥለው ነው።

ብዙ ሰው ሊኑክስን ሞክሮ ወደ ዊንዶውስ የሚመለስበት ዋና ምክንያት አንድ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ኦንላይን የሚጫወተው ጌም አይከፍትም። ጌሙን መተርጎም ከባድ ሆኖ አይደለም። ጌሙ ውስጥ ያለው አንቲ ቺት፣ ማለትም አጭበርባሪ ተከላካዩ፣ አልቀበልም ስለሚል ነው። ኢዚ አንቲ ቺትና ባትልአይ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ ተከላካዮች በ2021 ለፕሮቶን ድጋፍ አዘጋጅተዋል። ጌም ሠሪው ከፈለገ ማብራት ይችላል። አንዳንዶች አበሩት፤ ሌሎች አላበሩትም። ሌሎች ደግሞ ከፍተውት የነበረውን መልሰው ዘጉ። ኤፔክስ ሌጀንድስ የሚባለው ጌም በ2024 ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሊኑክስን በሙሉ ከለከለ። ያቀረቡት ምክንያት አጭበርባሪዎች ሊኑክስን መሸሸጊያ አድርገውታል የሚል ነው። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም በዚያው ዓመት ቫንጋርድ የሚባለውን ተከላካይ ሲያስገባ፣ ለዓመታት በዋይን ሲጫወቱ የነበሩ ሰዎች በሩ ተዘጋባቸው። የሠሩት ጥፋት የለም። አንድ ቀን ጠዋት ሲከፍቱት አልከፍት አላቸው።

ጌም ሠሪዎቹን ክፉ ናቸው ብዬ መሳል አልፈልግም። ማጭበርበር እውነተኛ ችግር ነው። ግድግዳ አልፎ የሚያይ ሰው ያለበት ጌም ውስጥ ማንም ለረጅም ጊዜ አይቆይም። እኔም አልቆይም። ጥያቄው መፍትሔው የት ይቀመጥ የሚለው ነው። የዛሬዎቹ ጠንካራ ተከላካዮች የሚቀመጡት ከርነሉ ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሁሉ ማየትና ማዘዝ የሚቻልበት ቦታ። አንዳንዶቹ ጌም ባትጫወቱም ኮምፒውተሩ ከተከፈተበት ደቂቃ ጀምሮ ይነቃሉ። ሊኑክስ ላይ ይህ አይሠራም፤ ምክንያቱም የሊኑክስ ከርነል የተጠቃሚው ነው። ተጠቃሚው ከፍቶ ሊያየው፣ ሊቀይረውና እንደገና ሊሠራው ይችላል። የሊኑክስ ትልቁ ውበቱ ይህ ነው። ተከላካዩ ደግሞ የሚፈራው ይህንኑ ነው። ጌም ሠሪው "ማሽንህን አንተ ካዘዝክበት እኔ አላምንህም" እያለ ነው። በዚህ መሃል የሚያግባባ አስተርጓሚ የለም።

ከርነል ውስጥ የሌላ ድርጅት ኮድ ማስገባት ምን ሊያስከትል እንደሚችል በ2024 ጁላይ 19 ሁላችንም አየን። ክራውድስትራይክ የሚባል የደህንነት ድርጅት የላከው አንድ የተበላሸ ማዘመኛ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ። አውሮፕላኖች ቀሩ፤ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ያ የጌም ሶፍትዌር አልነበረም። የተቀመጠበት ቦታ ግን ያው ነው። ከዚያ በኋላ ማይክሮሶፍት ራሱ የደህንነት ሶፍትዌሮች ከከርነሉ ውጪ የሚሠሩበትን መንገድ ማዘጋጀት ጀምሯል። ዊንዶውስ ላይ ከርነሉ ለሌሎች እየጠበበ ከሄደ፣ ተከላካዮቹም ሌላ መላ መፈለጋቸው አይቀርም። ተስፋዬ እዚያ ላይ ነው።

ሌላ መላ አለ ወይ? አለ። ሰርቨሩ ለተጫዋቹ ማየት የሌለበትን ነገር ባይልክለት፣ ግድግዳ አልፎ የሚያይ ሶፍትዌር የሚያየው ነገር አይኖርም። የተጫዋቹን እንቅስቃሴ ሰርቨሩ ላይ መርምሮ ሰው የማይችለውን መለየት ይቻላል። ይህ ገንዘብም ጊዜም ይጠይቃል፤ ሙሉ በሙሉ አይከላከልም። ካውንተር ስትራይክ 2 ያለ ከርነል ተከላካይ ሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ ስለ አጭበርባሪዎች የሚሰማው ቅሬታ ግን አላቆመም። ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ከርነል ውስጥ የገቡትም ጌሞች ቢሆኑ ከአጭበርባሪ አልጸዱም። እንግዲህ የቤቴን ቁልፍ ሰጥቼም ሌባው ካልቀረ ቁልፉን ለምን ሰጠሁ? ይህን ጥያቄ ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ተጫዋቾችም ቢጠይቁት ደስ ይለኛል። የሊኑክስ ሰው ብቻ የሚያነሳው እስከሆነ ድረስ የሦስት በመቶ ሰው ጥያቄ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከላይ የቆጠርኳቸውን ሥራዎች አስታውሱ። ብዙዎቹ ላይ የቫልቭ ገንዘብ አለበት። ነገ ቫልቭ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ይህን ጥያቄ በተደጋጋሚ እጠየቃለሁ። መልሴ ይህ ነው። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ያ እውነት ነው። ኮዱ ግን አይጠፋም። ዋይን ከ2002 ጀምሮ ያለበት ፈቃድ ለውጡን የሚያሰራጭ ሰው ኮዱንም እንዲያካፍል ያስገድዳል። የራድቪም፣ የዲኤክስቪኬም፣ የኤንቲሲንክም ኮድ የሁሉም ነው። ሎኪ ሲዘጋ ኤስዲኤል አልተዘጋም። ከስቲም ውጪ የተገዙ ጌሞችን የሚከፍቱ ሉትሪስና ሂሮይክ የሚባሉ መክፈቻዎችም አሉ፤ ሁለቱም በማኅበረሰብ የሚሠሩ ናቸው። እኔ የምፈራው የገንዘቡን መቆም ሳይሆን የሰዉን ማነስ ነው። ዋይንን ከሥሩ የሚያውቁ ሰዎች ብዙ አይደሉም። ወጣት ፕሮግራመሮች እዚህ ካላችሁ፣ እባካችሁ አንድ ቀን ኮዱን ከፍታችሁ እዩት። አንድ ትንሽ የሙከራ ፕሮግራም መጻፍ ትልቅ አስተዋጽኦ ነው።

ስለ ወደፊቱ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። በ2025 ኖቬምበር ቫልቭ አዲስ ስቲም ማሽንና ስቲም ፍሬም የሚባል የራስ ላይ ማሳያ አስተዋወቀ። የሚገርመው የሁለተኛው ፕሮሰሰር ነው። ስልኮች ላይ የሚገኘው የአርም ዓይነት ነው። የኮምፒውተር ጌም ለእሱ አልተጻፈም። ስለዚህ ፌክስ የሚባል ሌላ ተርጓሚ ይጨመራል፤ እሱ የፕሮሰሰሩን ትእዛዝ ራሱን ይተረጉማል። በአስተርጓሚ ላይ አስተርጓሚ ማለት ነው። ይህ ከተሳካ ጌም ከአንድ የፕሮሰሰር ዓይነት ነፃ ይወጣል።

ሁለተኛው የድሮ ጌሞች ጉዳይ ነው። ለእኔ ከአዲሶቹ ይበልጣል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩትን ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች አይከፍትም። ዋይን ይከፍታቸዋል። ልጅነታችን ያለባቸው ጌሞች፣ ሠሪዎቻቸው የተበተኑ፣ ድርጅታቸው የፈረሰ፣ ዛሬ ሊኑክስ ላይ ይነሳሉ። ሠላሳ ዓመት የተጻፈው ያ ሁሉ የሙከራ ፕሮግራም እንደ መዝገበ ቃላት ሆኖ ያገለግላል። ተናጋሪው ቢሞትም ቋንቋው የሚነበብበት።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ዊንዶውሳችሁን በመጀመሪያው ቀን አታጥፉ። ሌላ ዲስክ ላይ ጫኑና ለጥቂት ሳምንታት ተጠቀሙ። አስቀድማችሁ የምትወዷቸውን ጌሞች ፕሮቶን ዲቢ ላይ ፈልጉ። ኦንላይን የምትጫወቱት ጌም በተከላካዩ ምክንያት የማይከፍት ከሆነ ዛሬ መፍትሔ የለውም፤ ከአሁኑ እወቁት። የቀረው በአብዛኛው ይሠራል። የማይሠራ ስታገኙ ደግሞ ዝም አትበሉ። የካርዳችሁን ዓይነት፣ የድራይቨሩን ቁጥር፣ የፕሮቶኑን ስሪት ጽፋችሁ ሪፖርት አድርጉ።

እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጌም ስጫወት፣ በየምዕራፉ መሃል የሚመጣው የታሪክ ቪዲዮ አይታይም ነበር። በቪዲዮው ፋንታ ድሮ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት የሚያሳየው ዓይነት ባለ ቀለም መስመር ይመጣል። ጌሙ ይሠራል፤ ታሪኩ ግን የለም። ሪፖርት ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን የማላውቀው ሰው የጌሙን መዝገብ ፋይል እንድልክለት ጠየቀኝ። ላክሁ። ሌላ ነገር እንድሞክር ነገረኝ። ሞከርኩ፤ አልሠራም፤ ነገርኩት። እንዲህ ለሁለት ሳምንት ያህል ተጻጻፍን። ከወራት በኋላ ፕሮቶን ሲታደስ ጌሙን ከመጀመሪያው ከፈትኩት። መስመሩ ጠፍቷል። አንዲት ሴት በዝናብ ውስጥ ቆማ ደብዳቤ ታነባለች። ጌሙን ጨርሼው ነበር፤ ደብዳቤ እንዳለ ግን ያወቅሁት ያን ማታ ነው።

ላፕቶፑ እዚህ አለ። ኑና ሞክሩት። ጥያቄም ካላችሁ እሰማለሁ።